ከቁፋሮ ስብርባሪ የዐለትን አሳላፊነት መገመት፦ መርሆዎች፣ ዘዴዎችና ገደቦች

ለነዳጅ ዘይት፣ ለተፈጥሮ ጋዝ ወይም ለከርሰ ምድር እንፋሎት ተብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ከሁሉ በላይ መልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ፣ ዐለቱ በውስጡ የያዘውን ፈሳሽ ወይም ጋዝ አሳልፎ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው ነው። ዐለቱ ሞልቶም ላያስተላልፍ ይችላል። ጉድጓዱ በብረት ቱቦ ተሸፍኖ በሲሚንቶ ከመዘጋቱ በፊት የትኛው ንጣፍ ይፈተሽ፣ የትኛውስ ይታለፍ የሚለው ውሳኔ የሚወሰደው በአጭር ጊዜና ባልተሟላ መረጃ ነው። በስሕተት የታለፈ ንጣፍ ተመልሶ የመፈተሽ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ በስሕተት የተፈተሸውም ከፍተኛ ወጪ ያስከትላል።

ለዚህ ውሳኔ ዋነኛው ማስረጃ ኮር የሚባለው ከጉድጓዱ በልዩ መሣሪያ ሳይሰባበር የሚወጣ ሲሊንደራዊ የዐለት ናሙና ነው። ሆኖም ኮር ለማውጣት ቁፋሮውን ማዘግየት ግድ ስለሚል አብዛኞቹ ጉድጓዶች ኮር የሚወጣባቸው በጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው፤ ጨርሶ ያልወጣባቸውም ብዙ ናቸው። በአንጻሩ የመሰርሰሪያው ጥርስ የሚፈጫቸው ስብርባሪዎች በቁፋሮ ጭቃ እየታጠቡ ያለ ተጨማሪ ወጪ ወደ ላይ ይወጣሉ። እነዚህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁርጥራጮች የዐለቱን ዓይነት ለመለየት ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግሉ ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነሱ አሳላፊነትን እንዴት መገመት እንደሚቻልና ግምቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ማብራራት ነው።

አሳላፊነትና ቀዳዳማነት

ቀዳዳማነት (ፖሮሲቲ) ከዐለቱ ጠቅላላ ይዘት ውስጥ ምን ያህሉ ክፍት እንደሆነ ይገልጻል። አሳላፊነት (ፐርሚያቢሊቲ) ደግሞ እነዚህ ክፍተቶች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደተያያዙና መተላለፊያቸው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ዓ.ም. ስለ ዲዦን ከተማ የውኃ አቅርቦት ባሳተመው ሥራ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ፍጥነት ከግፊት ልዩነቱ ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት እንዳለው አሳየ። አሳላፊነት የሚለካበት አሃድም በእርሱ ስም ዳርሲ ተብሎ ይጠራል። አንድ ዳርሲ ወደ 10⁻¹² ካሬ ሜትር፣ አንድ ሚሊዳርሲ ደግሞ ወደ 10⁻¹⁵ ካሬ ሜትር ይጠጋል።

የሁለቱ ባሕርያት ዋና ልዩነት በለውጣቸው ስፋት ላይ ይታያል። የክምችት ዐለቶች ቀዳዳማነት በአብዛኛው ከጥቂት በመቶ እስከ 30 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። አሳላፊነታቸው ግን በሼል ውስጥ ካለው ናኖዳርሲ እስከ ልቅ አሸዋ ድንጋይ ብዙ ዳርሲ ድረስ፣ ማለትም ከቢሊዮን እጥፍ በላይ በሆነ ስፋት ይለያያል። ከዚህ የተነሣ በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ የሚሳሳት የአሳላፊነት ግምት እንኳ ለውሳኔ ይጠቅማል። ንጣፉ የ0.1፣ የ10 ወይም የ1,000 ሚሊዳርሲ ምድብ መሆኑን መለየት በራሱ ትልቅ ዕውቀት ነው። ስብርባሪን ለዚህ ሥራ ማዋል ምክንያታዊ የሚሆነውም ከዚህ አንጻር ነው።

ስብርባሪው ከየት እንደመጣ ማወቅ

ማንኛውም ልኬት ከመካሄዱ በፊት ናሙናው የየትኛው ጥልቀት እንደሆነ መታወቅ አለበት። የተፈጨው ዐለት በጭቃው ተሸክሞ ወደ ላይ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ የመዘግየት ጊዜ ይባላል። በመሰርሰሪያው ዘንግና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት 100 ሜትር ኩብ ጭቃ ቢይዝና ፓምፑ በደቂቃ 2 ሜትር ኩብ ቢገፋ የመዘግየቱ ጊዜ 50 ደቂቃ ይሆናል። ነገር ግን የጉድጓዱ ግድግዳ በየቦታው ተቦርቡሮ የክፍተቱ ይዘት ከተገመተው በ10 በመቶ ቢበልጥ ስሌቱ በ5 ደቂቃ ይሳሳታል። ቁፋሮው በሰዓት 60 ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ይህ የ5 ሜትር የጥልቀት ስሕተት ነው፤ ቀጭን ንጣፍን ከነአካቴው ለመሳት ይበቃል።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛ፣ ትልልቅና ትንንሽ ቁርጥራጮች በጭቃው ውስጥ በእኩል ፍጥነት ስለማይወጡ የተለያየ ጥልቀት ናሙናዎች ይደባለቃሉ። ሁለተኛ፣ ቀደም ብሎ ከተቆፈረው ክፍል ግድግዳ የሚናድ ዐለት ከአዲሱ ስብርባሪ ጋር አብሮ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ናሙናው ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው በየ3 ወይም በየ10 ሜትሩ በመሆኑ አንድ ከረጢት የብዙ ንጣፎች ድምር ነው። ስለዚህ ባለሙያው ስብርባሪውን አጥቦ በወንፊት ከለየ በኋላ በማጉያ መነጽር ያየዋል፤ ከግድግዳ የተናዱትን ትልልቅ፣ ስለታማና ጠፍጣፋ ቁርጥራጮች ያስወግዳል፤ ውጤቱንም በጉድጓዱ ውስጥ ከተለካው የጋማ ጨረር መዝገብ ጋር ያስተያያል። ይህ ሥራ ተራ ቢመስልም፣ ከቤተ ሙከራው ትክክለኛነት ይልቅ የመጨረሻውን ውጤት የሚወስነው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

በተዘዋዋሪ መገመት፦ ከቀዳዳው ቅርጽ ወደ አሳላፊነት

የመጀመሪያው የዘዴዎች ቤተሰብ ፈሳሽ ሳያሳልፍ የቀዳዳዎቹን መጠን ለክቶ አሳላፊነቱን ያሰላል። መሠረቱ ኮዜኒ እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበውና ካርማን በ1937 ያሻሻለው ግንኙነት ነው። በዚህ መሠረት ክብ ጥራጥሬዎችን ባቀፈ ዐለት ውስጥ አሳላፊነቱ የጥራጥሬው ዲያሜትር ካሬ በቀዳዳማነቱ ኩብ ተባዝቶ፣ ከዚያም ለ180 እና ለጠጣሩ ክፍል ድርሻ ካሬ ሲካፈል ይገኛል። የጥራጥሬው ዲያሜትር 200 ማይክሮን፣ ቀዳዳማነቱ 20 በመቶ ቢሆን ስሌቱ 2.8 ዳርሲ ያህል ይሰጣል። ቀዳዳማነቱ ወደ 10 በመቶ ቢወርድ ግን ውጤቱ ወደ 0.28 ዳርሲ ይወድቃል፤ ቀዳዳማነቱ በግማሽ ሲቀንስ አሳላፊነቱ በዐሥር እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ቀመሩ ለንጹሕና በመጠን ለተመሳሰለ አሸዋ ይስማማል። ሸክላማ ማዕድናት ቀዳዳዎቹን በሸፈኑበት ዐለት ግን ከእውነቱ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ያወጣል፤ ምክንያቱም ጥቂት ሸክላ የቀዳዳውን ስፋት ብዙም ሳይቀንስ ፈሳሹ የሚታከከውን ገጽ በብዙ እጥፍ ያሳድጋል።

ይህ ስሌት በቀዳዳማነት ላይ ይህን ያህል የሚመካ በመሆኑ የቀዳዳማነቱ ልኬት ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በፈሳሽ የራሰ ስብርባሪ ላዩ ላይ የሚቀረው ስስ ሽፋን ለኮር ናሙና ከቁጥር የማይገባ ነው። የ1 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ላለው ቁርጥራጭ ግን 20 ማይክሮን ውፍረት ያለው ሽፋን ከቁርጥራጩ ይዘት 6 በመቶ ይሆናል። እውነተኛው ቀዳዳማነት 10 በመቶ ከሆነ፣ ሽፋኑን እንደ ቀዳዳ የቆጠረ ተመራማሪ 16 በመቶ ይመዘግባል፤ ከላይ በተጠቀሰው ቀመር ደግሞ ይህ ስሕተት አሳላፊነቱን ከአራት እጥፍ በላይ ያሳብጠዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሜርኩሪን በግፊት ማስገባት ነው። ሜርኩሪ ዐለትን ስለማያርስ ወደ ቀዳዳ የሚገባው በግፊት ብቻ ነው፤ መተላለፊያው በጠበበ ቁጥር የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል። 10 ማይክሮን ስፋት ላለው መተላለፊያ 1.5 የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይበቃል። ካትዝና ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ግንኙነት አሳላፊነት የሚሰላው ሜርኩሪው ናሙናውን ከዳር እስከ ዳር ሲያያይዝ የደረሰበትን የመተላለፊያ ስፋት ካሬ ለ226 እና ለዐለቱ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ንጽጽር (ፎርሜሽን ፋክተር) በማካፈል ነው። ስፋቱ 10 ማይክሮን፣ ንጽጽሩም 25 ቢሆን ውጤቱ 18 ሚሊዳርሲ ያህል ነው። ዘዴው የተስተካከለ ቅርጽ ያለው ናሙና ስለማይጠይቅ ለስብርባሪ ይመቻል። ችግሩ ሜርኩሪው በመጀመሪያ በቁርጥራጮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታና በላያቸው ያሉትን ጎድጓዶች መሙላቱ ነው። በቁርጥራጩ ገጽ ላይ ያለ የ10 ማይክሮን ጎድጓዳ በዐለቱ ውስጥ ካለ የ10 ማይክሮን መተላለፊያ በግፊት አይለይም። ሁለቱን ለመለየት የሚደረገው እርማት በአንጻራዊነት ሰፊ ቀዳዳ ባላቸው ዐለቶች ላይ አወዛጋቢ ይሆናል።

የኑክሌር ማግኔታዊ ሬዞናንስም በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ይቆማል። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ውኃ ማግኔታዊ ምልክቱን ቶሎ ያጣል፤ በሰፊው ውስጥ ያለው ዘግየት ብሎ ያጣል። ከዚህ የመርገብ ጊዜ የቀዳዳውን ስፋት፣ ከስፋቱም አሳላፊነትን መገመት ይቻላል። ሆኖም ግንኙነቱን የሚያያይዘው ቋሚ ቁጥር ከዐለት ወደ ዐለት ስለሚለያይ ቢያንስ በጥቂት የኮር ናሙናዎች መስተካከል ይኖርበታል።

በቀጥታ መለካት፦ ርቀት ሲያንስ ጊዜን መግዛት

በኮር ላይ እንደሚደረገው ከአንድ ወገን አስገብቶ ከሌላው ወገን የሚወጣውን ፈሳሽ መለካት በ2 ሚሊ ሜትር ቁርጥራጭ ላይ እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ ቁርጥራጮቹ በዝግ ዕቃ ውስጥ ተደርገው በዙሪያቸው ያለው ግፊት በድንገት ከፍ ይደረጋል፤ ከዚያም ፈሳሹ ወደ ውስጣቸው እስኪሰርግ የሚወስደው ጊዜ ይለካል። ይህ ጊዜ ከቀዳዳማነቱ፣ ከፈሳሹ ዝልግልግነት፣ ከተጨማቂነቱና ከቁርጥራጩ ራዲየስ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ሲሆን ከአሳላፊነቱ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይመጣጠናል።

የግንኙነቱን ትርጉም በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የ1 ሚሊ ሜትር ራዲየስና የ10 በመቶ ቀዳዳማነት ባለው ቁርጥራጭ ውስጥ በ10 የከባቢ አየር ግፊት ሂሊየም ቢሰርግና አሳላፊነቱ 1 ናኖዳርሲ ቢሆን ጊዜው 2,000 ሰከንድ ያህል ይሆናል። አሳላፊነቱ 1 ማይክሮዳርሲ ቢሆን 2 ሰከንድ ይበቃል። አሳላፊነቱ 1 ሚሊዳርሲ ከደረሰ ግን ሁሉም ነገር በ2 ሚሊሰከንድ ያበቃል። በዚህ የመጨረሻ ሁኔታ መሣሪያው የሚመዘግበው የቧንቧውንና የመክፈቻውን ባሕርይ እንጂ የዐለቱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የጋዝ ምርምር ተቋም ድጋፍ የዳበረው፣ የተፈጨ ዐለትን በሂሊየም የሚለካው ዘዴ ለሼል የተስማማበትና ለተራ አሸዋ ድንጋይ የማይሆንበት ምክንያት ይኸው ነው።

የበለጠ አሳላፊ ለሆኑ ዐለቶች መፍትሔው ጊዜውን ማስረዘም ነው። ራዲየሱን መጨመር ስለማይቻል የቀሩት ሁለት ምርጫዎች ዝልግልግነትና ተጨማቂነት ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳይ ነዳጅ ተቋም ተመራማሪዎች ያቀረቡት ዘዴ ሁለቱንም ይጠቀማል። ስብርባሪው በወፍራም ዘይት ይነከራል፤ ዘይቱ ሲገባ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ጥቂት ጋዝ ታግቶ ይቀራል። ከዚያ የዘይቱ ግፊት ከፍ ሲደረግ የታገተው ጋዝ ይጨመቃል፤ ጋዙ ለለቀቀው ቦታ ዘይት ይሰርጋል። ዘይቱ ከውኃ 200 እጥፍ ቢወፍርና ጋዙ ከቀዳዳው አንድ አምስተኛውን ቢይዝ፣ ቀድሞ በ2 ሚሊሰከንድ ያልቅ የነበረው ሂደት ወደ 40 ሰከንድ ይረዝማል። ከንግድ ሥራ ውጭ ያለ ማንኛውም ቤተ ሙከራ 40 ሰከንድን መለካት ይችላል። የማይለካውን ወደሚለካው ያመጣው የመሣሪያ ርቀት ሳይሆን የፈሳሽ ምርጫ ነው።

የዚህ መንገድ ደካማ ጎን ራዲየሱ በካሬ መግባቱ ነው። የቁርጥራጮቹ መጠን በ20 በመቶ በስሕተት ቢገመት አሳላፊነቱ በ40 በመቶ ገደማ ይዛባል። ስለዚህ በወንፊት በጠባብ የመጠን ክልል መለየት የልኬቱ አካል ነው።

ስብርባሪው የማይናገረው

ልኬቱ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ ቁርጥራጩ የዐለቱ ታማኝ ወኪል ላይሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው የመምረጥ አድልዎ ነው። ጥራጥሬዎቹ በደንብ ያልተጣበቁ፣ ስለዚህም በጣም አሳላፊ የሆነ አሸዋ ድንጋይ በመሰርሰሪያው ሥር ወደ ነጠላ አሸዋነት ይበተናል። ሳይበተን ወደ ወንፊቱ የሚደርሰው ጠንካራው፣ ማለትም ማጣበቂያ ማዕድን ቀዳዳውን የደፈነበት ክፍል ነው። በዚህም የተነሣ ከአንድ ምርጥ ንጣፍ የመጡ ቁርጥራጮች የንጣፉን ደካማ ገጽታ ብቻ ሊመሰክሩ ይችላሉ። በናሙናው ከረጢት ውስጥ የተገኘው ልቅ አሸዋ እንደ ቆሻሻ ታጥቦ ከመጣሉ በፊት መጠኑ መመዝገብ ያለበትም ለዚህ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። የመሰርሰሪያው ጥርስ በቁርጥራጩ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆችን ይፈጥራል። በጥልቀት የነበረው የተደራራቢ ዐለት ክብደት ሲነሣ የነበሩት ስንጥቆች ይከፈታሉ፤ በተለይ በጥብቅ ዐለቶች ውስጥ ይህ አሳላፊነቱን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ናሙናው በሙቅ አየር ሲደርቅ ቃጫማ ሸክላዎች ተጣጥፈው መተላለፊያውን ይከፍታሉ። በጋዝ በሚለካ ጊዜም ሞለኪውሎቹ በጠባብ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ስለሚንሸራተቱ፣ ክሊንከንበርግ እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳሳየው፣ ቁጥሩ ከፈሳሽ ልኬት ይበልጣል።

በተጨማሪም ስብርባሪው አቅጣጫውን አጥቷል። በንጣፍ ትይዩ ያለው አሳላፊነትና ወደ ላይ ያለው በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ። ከቁርጥራጩ የሚሰፉ ስንጥቆችና ዋሻማ ቀዳዳዎችም በውስጡ ሊገኙ አይችሉም፤ መሰርሰሪያው በእነሱ ላይ ነውና የሚሰብረው።

ከቁርጥራጭ ወደ ንጣፍ

የመጨረሻው እርምጃ ከብዙ ቁርጥራጮች አንድ ቁጥር ማውጣት ሲሆን እዚህ ላይ የአማካኝ ዓይነት ምርጫ ውጤቱን ይለውጠዋል። ከአንድ የ3 ሜትር ክፍል የመጣ ናሙና 90 በመቶው 0.1 ሚሊዳርሲ፣ 10 በመቶው 500 ሚሊዳርሲ ነው እንበል። ፈሳሹ በንጣፎቹ ትይዩ የሚፈስ ከሆነ የሚስማማው ተራ አማካኝ 50 ሚሊዳርሲ ይሰጣል። ንጣፎቹን አቋርጦ የሚፈስ ከሆነ የሚያገለግለው የተገላቢጦሽ አማካኝ 0.11 ሚሊዳርሲ ነው። ጂኦሜትሪያዊው አማካኝ በበኩሉ 0.23 ሚሊዳርሲ ይሆናል። አንዱ ቁጥር ንጣፉ ይፈተሽ ያሰኛል፤ ሌሎቹ ይታለፍ ያሰኛሉ። ስለዚህ ስብርባሪውን በጅምላ ለክቶ አንድ ቁጥር ከመዘገብ ይልቅ በዓይነት ከፋፍሎ እያንዳንዱን መለካትና ድርሻውን ማስፈር ይመረጣል።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

በኦጋዴን ተፋሰስ የካሉብና የሂላላ ጋዝ መስኮች ከክምችት ዐለቶቹ መካከል የአዲግራትና የካሉብ አሸዋ ድንጋዮች ይገኙበታል። በእንዲህ ያለ ሰፊና ጥቂት ጉድጓዶች ብቻ በተቆፈሩበት ተፋሰስ ውስጥ ኮር ከወጣባቸው ሜትሮች ይልቅ ስብርባሪ የተሰበሰበባቸው ሜትሮች እጅግ ይበዛሉ። የአሸዋ ድንጋይ አሳላፊነት በዋናነት በጥራጥሬዎቹ መካከል ባሉ ቀዳዳዎች የሚወሰን በመሆኑ ከላይ የተዘረዘሩት ዘዴዎች ለዚህ ዓይነቱ ዐለት ተገቢ ናቸው።

የአሉቶ ላንጋኖ የጂኦተርማል መስክ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች የተቆፈሩ ሲሆን የጥልቀታቸው ጣሪያ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። እንፋሎቱ በዋናነት የሚጓዘው በእሳተ ገሞራ ዐለቶቹ ውስጥ ባሉ ስብራቶችና ስንጥቆች ነው። በዚህ ሁኔታ የአንድ ቁርጥራጭ አሳላፊነት በጥንቃቄ ቢለካም ስለ ጉድጓዱ የማምረት ዐቅም የሚናገረው ጥቂት ነው። ስብርባሪው እዚህ የሚጠቅመው በተዘዋዋሪ ነው፤ ሙቅ ውኃ በስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ የሚያስቀምጣቸው እንደ ካልሳይትና ኤፒዶት ያሉ ማዕድናት ውኃው የት አልፎ እንደነበረና ሙቀቱ ምን ያህል እንደነበረ ይጠቁማሉ። ከቁፋሮ ጭቃው መጥፋትና ከሙቀት ልኬቱ ጋር ሲጣመሩ የአሳላፊ ቀጠናዎችን ቦታ ያመለክታሉ።

ማጠቃለያ

ከስብርባሪ የሚገኝ የአሳላፊነት ግምት ኮርን የሚተካ ሳይሆን ኮር በሌለባቸው ሜትሮች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ማስረጃ ነው። ሊታመን የሚችለው ሦስት ነገሮች አብረውት ሲመዘገቡ ነው፤ ናሙናው ከየት ጥልቀት በምን ያህል እርግጠኝነት እንደመጣ፣ በየትኛው ዘዴና በምን የቁርጥራጭ መጠን እንደተለካ፣ እንዲሁም ከመለካቱ በፊት ምን ያህሉ እንደተበተነና እንደተጣለ። እነዚህ የሌሉት ቁጥር ትክክል ቢሆንም ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው አይኖርም።

ተገቢ መለያ የተጻፈበት የስብርባሪ ከረጢት ጉድጓዱ ከተዘጋ ከዐሥርተ ዓመታት በኋላም ሊለካ ይችላል። በቁፋሮው ጊዜ ያልነበረ ዘዴ በኋላ ሲገኝ፣ አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር አዲስ መረጃ የሚገኝበት ብቸኛው አካላዊ ማስረጃ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በመሆኑም የስብርባሪ ናሙናዎችን በደረቅ ቦታ፣ በተሟላ መዝገብ ጠብቆ ማቆየት ከመጋዘን አስተዳደር ሥራነት አልፎ የምርምሩ አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል።